የሰብሌ ጉሮሮ

አሰለች ቢሆነኝን ስታገባ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት ከሌላ ሰው ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ኖራ ልጅ አልወለደችም። የመጀመሪያ ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም። ጸበል ለጸበል አብሯት ዞሯል፤ ነአኩቶ ለአብ ድረስ ሄዶ ተስሏል፤ አሸተን ማርያም ወጥቶ ሻማ አብርቷል። በመጨረሻ ግን ዘመዶቹ አላስቀምጥ ሲሉት በሽማግሌ ተለያዩ። አሰለች ድርሻዋን ሁለት በግና አንዲት ጊደር እየነዳች ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎመንና ሽንኩርት ተሸክማ ላሊበላ ገበያ እየወረደች ራሷን ቻለች። በአገሩ ሰው ዘንድ ጠንካራ፣ ጨዋ፣ ትንሽም ኮራ ያለች ሴት ተብላ ነው የምትታወቀው። መኻን የሚለውን ቃል ፊት ለፊት የተናገራት ሰው አልነበረም። እሷ ግን ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ባየች ቁጥር ስለዚያው የሚያወሩ ይመስላት ነበር።

ቢሆነኝ ገበሬ ነው፤ በጋ በጋውን ደግሞ ወልድያ እየወረደ ግንበኝነት ይሠራል። እሱም ከመጀመሪያ ሚስቱ ከባንቺዓለም ጋር ተፋቷል። ባንቺዓለም ሙጃ ሌላ ባል አግብታ፣ ሰብሌ የምትባለውን ልጃቸውን ይዛ ነበር የምትኖረው። ሰብሌ አምስት ዓመት ሲሞላት ባንቺዓለም አዲስ ልጅ ወለደች፤ ቤቱም ኑሮውም ጠበባት፤ አባትየው ሄዶ ልጅቱን አመጣና ለአሰለች አስረከባት። በዚያ ቀን የቢሆነኝ አክስት ጓሮ ቆማ፣ ልጅ አሳድጋ ለማታውቅ ሴት ሕፃን ይሰጣል ወይ ብላ ስትጠይቀው አሰለች ከውስጥ ሆና ሰማች። በልቧም፣ ይህችን ልጅ አወፍሬ አሳያቸዋለሁ አለች።

የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ደህና ነበሩ። ሰብሌ ጭምት ልጅ ናት፤ የሰጧትን ትበላለች፤ ነይ ሲሏት ትመጣለች። አሰለችን "እታለም" እያለች ነበር የምትጠራት። አሰለች ለገና አዲስ ቀሚስ ሰፋችላት፤ ጸጉሯን በየሳምንቱ ሠራችላት፤ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ሙዝ ሳትይዝ አትገባም። ልጅቱ ፊቷ ሞላ ሲል ጎረቤቱ ሁሉ አየላት፤ የቢሆነኝ አክስት እንኳ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የልጅቱን ጉንጭ ቆንጥጣ ፈገግ አለች። አሰለች ያን ፈገግታ ለብዙ ቀን በልቧ ይዛ ዞረች።

የካቲት ላይ የመንደሩ ቦኖ ተበላሸ። ሴቱ ሁሉ ወደ ገደሉ ሥር ወርዶ ከኩሬው መቅዳት ጀመረ። ኩሬው ከብቱም የሚጠጣበት ነው፤ ስለዚህ ውኃውን በነጠላ እያጠለሉ ነበር የሚቀዱት። ሰብሌም ትንሽ ጀሪካን ይዛ አሰለችን ትከተላለች፤ አንዳንድ ጊዜም ከጎረቤት ልጆች ጋር ብቻዋን ትላካለች። ልጅ ናትና ሲጠማት በደረቷ ተኝታ አፏን ውኃው ላይ አድርጋ ትጠጣለች። ይህን ማንም ልብ አላለውም።

በሳምንቱ ገደማ ልጅቱ እህል እምቢ አለች። አንድ ጉርሻ ትወስድና አፏ ውስጥ ታቆየዋለች፤ ከዚያ ዞር ብላ ትተፋዋለች። አሰለች መጀመሪያ ሆዷን አሟት ይሆናል ብላ ጤና አዳም አፍልታ ሰጠቻት። ቀጥላ እንቁላል ቀቀለችላት፤ አልበላም አለች። ገንፎ በቅቤ ሠራችላት፤ ሁለት ጊዜ ቀምሳ ተወችው። ሌላ ሰው ቢሆን ልጅቱ ታማለች ይል ይሆናል። አሰለች ግን በጓሮ የሰማችውን የአክስትየውን ነገር አልረሳችም ነበርና የመጣላት ሐሳብ ሌላ ነው። እጄን ተጸየፈችው አለች። ይህን ሐሳብ አንዴ ከያዘች በኋላ ያየችው ሁሉ እሱን የሚያጸና ሆነባት። ልጅቱ አንገቷን ስትደፋ ንቀት ነው፤ ዝም ስትል ንቀት ነው፤ ድምፅዋ ጎርነን ብሎ ስትመልስም አኩርፋ ነው።

ኩሬው ዳር ለሴቶቹ ነገረቻቸው። እናቷ መክራ ነው የላከቻት፣ የእንጀራ እናት እጅ እንዳትበዪ ብላታለች አለቻቸው። ሴቶቹም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዳንዶቹ በሌላ ቤት የሰሙትን ተመሳሳይ ነገር ጨመሩበት። ወሬው በሁለት ቀን መንደሩን ሁሉ አዳረሰ። ከዚያ ወዲያ ሰዎች ሰብሌን ሲያዩ፣ አንቺ እምቢተኛ እያሉ ይገሥጿት ጀመር። ልጅቱም ከሰው መራቅን ለመደች።

አንድ ጠዋት አሰለች የልጅቱን መኝታ ስታነሳ ቀይ ጠብታ አየች። ምን እንደሆነ ስትጠይቃት ሰብሌ ምላሴን ነክሼ ነው አለቻት። በማግስቱ ደግሞ ልጅቱ ከቤቱ ኋላ ቁጢጥ ብላ የቀሚሷን ጫፍ በውኃ ስታሽ አገኘቻት፤ ውኃ አታባክኚ ብላት አለፈች። ልጅቱ ለምን ተደብቃ ልብሷን እንደምታጥብ አልጠየቀችም።

ዓርብ ዕለት አሰለች የሰው ወሬም የልቧም ብስጭት ተደራርቦባት ነበር። አጥሚት ሠርታ ልጅቱን ጉልበቷ ሥር አስቀመጠችና ዛሬ ሳትጨርሺ አትነሺም አለቻት። ሰብሌ ሦስት ማንኪያ እንደዋጠች አንቋት መለሰችው። ቢሆነኝ ከወልድያ ገዝቶ የላከው አዲሱ ጋቢ ላይ ነበር የመለሰችው። አሰለች ከአጥሩ ልምጭ ሰብራ መጥታ ባቷን ሦስት ጊዜ መታቻት። ልጅቱ ጮኻ አላለቀሰችም። አፏን ከፍታ ነበር፤ ነገር ግን ከጉሮሮዋ የወጣው እንደ ሽማግሌ የሻከረ ትንፋሽ ብቻ ነው። አሰለች ያንንም እልህ ነው ብላ ቆጠረችው።

ማክሰኞ ጠዋት ሰብሌ ደጃፉ ላይ ጥቁር ደም አስመልሷት ወደቀች።

ጎረቤታቸው አያ አዳም ሮጦ መጣ። በቅሎው እንግዳ ይዛ አሸተን ማርያም እንደወጣች ነገራትና፣ እስክትመለስ መጠበቅ አይቻልም፣ አዝለሽ ውረጂ አላት። እሷም ልጅቱን በነጠላ አዝላ ወደ ላሊበላ መንገድ ጀመረች። ከመንደሩ እስከ ከተማው ሁለት ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። አሰለች ያንን ቁልቁለት በየሳምንቱ ጎመን ተሸክማ ትወርደዋለች፤ ሸክሟ ስንት እንደሚከብድ ጀርባዋ ያውቀዋል። ልጅቱ ከጎመኑ ቀለለቻት። መንገዱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ ወደ ኋላ እጇን ሰዳ ዳሰሰቻት፤ በሕይወት ያለች አልመስላት ብሎ ነው። ስትዳስሳት የልጅቱ ጎን አጥንቱ ይቆጠር ነበር። አወፍራታለሁ ያለቻት ልጅ ናት።

ሆስፒታል እንደደረሱ ወረፋ አላስጠበቋቸውም። ሲስተር ሸጌ የምትባል፣ ዕድሜዋ ገፋ ያለ ነርስ ልጅቱን ከጀርባዋ ተቀብላ አስተኛቻትና ካርድ ይዛ ትጠይቅ ጀመር። እናት ነሽ ስትላት አሰለች አዎ አለች። የተወለደችበትን ወር ጠየቀቻት፤ አላወቀችም። ክትባቷን ጨርሳለች ወይ አለቻት፤ እንጃ አለች። ከዚህ በፊት ታማ ታውቃለች ወይ፣ የማይስማማት መድኃኒት አለ ወይ፤ ይህንንም አላወቀችም። ነርሷ ብዕሯን ይዛ ቀና ብላ አየቻት፤ አሰለች ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። መቼ ነው የጀመራት ስትላት፣ ሦስት ቀኗ ነው አለች። ውሸቱ ሳታስበው ነው የወጣው። እውነቱን ብትናገር ያንን ሁሉ ቀን ምን ስትሠሪ ነበር መባሏ የማይቀር መስሏት ነው።

ሐኪሙ ጣሃ የሚባል፣ ገና ወጣት፣ ከታች ከአስፋልቱ ዳር ከተሞች የመጣ ሰው ነው። ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ ልጅቱን አፍሽን ክፈቺ አላት። ምላሷን በጠፍጣፋ እንጨት ጫን አድርጎ ለብዙ ጊዜ አየ። ከዚያ አሰለችን በእጁ ጠራና ጎንበስ ብላ እንድታይ ነገራት። በብርሃኑ ውስጥ፣ ከእንጥሏ ኋላ፣ ጉሮሮዋ ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ጥቁር ነገር አለ። መጀመሪያ የረጋ ደም መሰላት። ከዚያ ነገሩ ራሱን ሰብሰብ አድርጎ ተመልሶ ተዘረጋ።

"አልቅት ነው" አላት ጣሃ። "በሦስት ቀን ይህን ያህል አይወፍርም። ደሟ ምን ያህል እንደሄደ እንድገምት እውነቱን ንገሪኝ። ስንት ቀኗ ነው?"

"ሃያ" አለች አሰለች። ቀጥላም "ሃያ ሁለት" አለች።

አልቅት ምን እንደሆነ እሷን ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። አባቷ በአገሩ የታወቀ የከብት አዋቂ ነው፤ የሰው ሁሉ ላም ከአፏ ደም ሲንጠባጠብ እሱ ዘንድ ነው የምትመጣው። እሷም ገና ልጅ ሳለች መንጋጋ ይዛ ታስከፍትለት ነበር። የራሷ ጊደር ባለፈው ዓመት ለሃጯ ቀላ ያለ ቀን፣ ማታ ሳይደርስ አፏን ከፍታ፣ ምላሷን በጨርቅ ይዛ ጎትታ፣ ከሥሩ ሁለት አልቅት ለቅማ አውጥታለች። ጊደሯ መኖ እምቢ ስትል ንቃኝ ነው አላለችም። ይህ ሁሉ ትዝ ያላት እዚያው፣ ጎንበስ ብላ የልጅቱን ጉሮሮ እያየች ነው። ቀና ማለት አቃታት። ቀና ካለች ሐኪሙም ነርሷም ፊቷን ያያሉ።

ጣሃ የሚደረገውን አስረዳት። ጉሮሮዋን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይረጭባታል፤ መድኃኒቱ አልቅቱንም ያዝለዋል፤ ከዚያ በረጅም መቆንጠጫ ይስበዋል። አደጋው ልጅቱ ድንገት ከተወራጨች ነው፤ አልቅቱ አምልጦ ወደ ትንፋሽ ቧንቧዋ ከገባ ሌላ ጣጣ ይመጣል። እንደ ምንም ጸንታ ካልተቀመጠች ደሴ ልከን በማደንዘዣ ተኝታ ይወጣላታል፤ ግን ደሟ እንዲህ አንሶ በመንገድ ባናንገላታት ይሻላል አላት። ሲስተር ሸጌ አያያዙን አሳየቻት። ልጅቱን ጭንሽ ላይ አስቀምጪ፤ እግሮቿን በሁለት እግርሽ መሃል አድርጊ፤ እጆቿን በነጠላው ጠቅልይ፤ አንድ እጅሽን በደረቷ፣ አንዱን በግንባሯ አድርገሽ ጭንቅላቷን ወደ ደረትሽ ሳቢ። አሰለች እንደተባለችው አደረገች። ልጅቱ ወደ ቤቷ ከመጣች ጀምሮ እንዲህ አቅፋት እንደማታውቅ ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው። ጸጉሯን ሠርታላታለች፣ አጥባታለች፣ አልብሳታለች፤ አቅፋ ግን አልያዘቻትም።

በመጀመሪያው ሙከራ መቆንጠጫው አፏ እንደገባ ሰብሌ ተንፈራገጠች፤ የአሰለችም እጅ ላላ። ጣሃ ፈጥኖ አወጣው። ነርሷ በለሆሳስ፣ አዘንሁላት ብለሽ አትልቀቂያት አለቻት። በሁለተኛው አሰለች አጥብቃ ያዘች። ልጅቱ ግን መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ጥርሷን እንጨቱ ላይ ነክሳ አልለቅም አለች። ጣሃ መቆንጠጫውን ሳህኑ ላይ አኖረና ትንሽ ትረፍ አለ።

ሰብሌ አንገቷን ወደ ኋላ ቀልብሳ፣ ከታች ወደ ላይ አሰለችን አየቻት። በዚያች በሻከረች ድምፅዋ፣ "ከተነቃነቅሁ ትመቺኛለሽ?" አለቻት።

ጣሃ ዞር ብሎ፣ መጠረግ የማያስፈልገውን መቆንጠጫ በፋሻ ይጠርግ ጀመር። ሲስተር ሸጌ የልጅቱ ቀሚስ ተሰብስቦ ነበርና ልታስተካክልላት ጎንበስ አለች፤ ባቷ ላይ ያሉትን ሦስት ሰንበሮች አየች። ጥቂት አየቻቸውና ቀሚሱን ወደ ታች ጎተተችላት። አሰለች ፊቷ ሲነድ ተሰማት። ገበያ ላይ ስትሰርቅ የተያዘች ሴት አንድ ጊዜ አይታለች፤ ሕዝቡ ከብቧት፣ ሴትዮዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ቆማ። እሷ ግን ሁለቱም እጆቿ ልጅቱን ይዘዋል፤ ፊቷን የምትሸፍንበት አልነበራትም።

ሲስተር ሸጌ አልቆጣቻትም። "ምን እንደሆነ ንገሪያት" ነው ያለቻት። "እኛ ብንነግራት አትሰማንም። እውነቱን ንገሪያት።"

"አልመታሽም" አለች አሰለች።

"ካለቀስሁስ?"

"አልቅሺ። እንባሽ ይውረድ፤ አንገትሽን ብቻ እንዳታነቃንቂው። ሰብልዬ፣ እህል እምቢ ያልሽው ጠግበሽ አይደለም። ጉሮሮሽ ውስጥ አልቅት አለ፤ እሱ ነው የከለከለሽ። ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አላየሁልሽም። የመታሁሽም በከንቱ ነው።"

ይህን ሁሉ የተናገረችው ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች እየሰሙ ነው። ልጅቱ ጥቂት አሰበች። ላሞቹ አፍ ውስጥ የሚገባው ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አሰለች አዎ፣ እሱው ነው አለቻት። ያማል ወይ ስትላት ደግሞ፣ አያምም ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ነርሷን አየቻትና፣ ያቅለሸልሽሻል፣ የሚያንቅሽም ይመስልሻል፣ ግን አስር እስክንቆጥር ነው አለች። ሰብሌ ፊቷን ወደ ጣሃ መልሳ አፏን በራሷ ፈቃድ ከፈተች።

አሰለች በጆሮዋ ቀስ እያለች መቁጠር ጀመረች። ሦስት ላይ መቆንጠጫው ገባ። አምስት ላይ ልጅቱን አቅለሸለሻት፤ ጣቶቿ ከነጠላው ሥር የአሰለችን ቀሚስ ጨምድደው ያዙ። አንገቷ ግን አልተነቃነቀም። ስድስት፣ ሰባት። ጣሃ ላቡ በቅንድቡ ይወርዳል፤ ለስለስ አድርጎ ይስባል፤ አልቅቱ እንደ ጎማ ይለጠጣል፤ አይለቅም። አሰለች አስር አለች፤ ልጅቱ ውሸታም እንዳትላት ፈርታ አንድ ብላ እንደገና ጀመረች፤ ትንሽ ቀረን አለቻት። አራት ላይ ለቀቀ።

የሰው አውራ ጣት ያክላል። ሳህኑ ላይ ተንጠራራና ተኮማተረ፤ ከሥሩ የሰብሌ ደም ፈሰሰ። ልጅቱ ደም የተቀላቀለ ምራቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ተፋች፤ ከዚያ ሳህኑን ለማየት አንገቷን ሰገግ አድርጋ፣ "ምሳዬን እሱ ነበር የሚበላው?" አለች። ጣሃ ሳቀ። ሲስተር ሸጌም ሳቀች። አሰለች አልሳቀችም፤ ልጅቱን ከጭኗ ሳታወርድ ፊቷን ማጅራቷ ላይ ደፍታ ተቀመጠች።

ደሟ ሲመረመር በጣም አንሶ ተገኘ። የሚጠጣ የደም መድኃኒት ታዘዘላት፤ ሁለት ቀንም ተኝታ እንድትታይ ተወሰነ። አሰለች ካርዱ ሲጻፍ ወደ ሲስተር ሸጌ ተጠግታ፣ ጠዋት የነገርሁሽ ልክ አይደለም፣ እናቷ አይደለሁም፣ የአባቷ ሚስት ነኝ አለቻት። ነርሷ ሰረዘችና አስተካክላ ጻፈች። የእናቷ ስልክ አለሽ ወይ ብቻ ብላ ጠየቀቻት። አልነበራትም። ስለዚህ ቢሆነኝን መደወል ግድ ሆነ። ቢሆነኝ ሥራ ላይ ነበር፤ ሲሚንቶ ማቡኪያው ይጮኻል፤ ሁለት ጊዜ ደግማ ነገረችው። ምቱን ሳይቀር ነገረችው። ለባንቺዓለም እደውልላታለሁ ብቻ አለ።

ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ራበኝ አለች። አሰለች ወጥታ ከበሩ ላይ ዳቦና ወተት ገዝታ መጣች። ሰብሌ ዳቦውን ወተቱ ውስጥ እየነከረች ዋጠች፤ ሁለተኛ ጠየቀች፤ እሱንም ጨረሰች። ለሌላ እናት ያን ማየት ደስታ ነው። አሰለች ግን ወደ መስኮቱ ዞረች። ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ ይህች ልጅ እየራባት ናቀችኝ አልሁ፤ የሚለው ሐሳብ ከልቧ አልወጣ አላት።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ባንቺዓለም ሕፃኗን አዝላ ከሙጃ ደረሰች። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ በፊት ተገናኝተው አያውቁም። ባንቺዓለም ልጇን ሳመች፣ ዳሰሰች፣ አገላብጣ አየች፤ ባቷንም አየች። አሰለች ልጅቱ እንድትናገር አልጠበቀችም። ወደ ደጅ ብቅ በይልኝ አለቻትና ከዛፉ ሥር ቆመው ሁሉንም ነገረቻት፤ ልምጩን፣ ጋቢውን፣ ኩሬው ዳር የነዛችውን ወሬ። አንቺ መክረሽ የላክሻት ነው ብዬ ስምሽን አጥፍቻለሁ አለቻት። ባንቺዓለም ትሰድበኛለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ ትመታኛለችም ብላ ነበር። ባንቺዓለም ግን ጀርባዋ ላይ ያለውን ሕፃን ታወዛውዝ ጀመር።

"እኔም ሰጥቻታለሁ" አለች። "ልጄን ለማላውቃት ሴት ሰጥቻታለሁ።" ከዚያ ድምፅዋን አጠንክራ፣ "ይዣት እሄዳለሁ" አለች።

"ውሰጃት" አለች አሰለች።

ሰብሌ ከእናቷ ጋር ሙጃ ሄደች። አሰለች ብቻዋን ዳገቱን ወጣች። በማግስቱ ውኃ ልትቀዳ ኩሬው ዳር ስትወርድ ሴቶቹ ስለ ልጅቱ ጠየቋት። ጀሪካኗን አስቀምጣ ስለ ሰብሌም ስለ ባንቺዓለምም የነገርኋችሁ ሐሰት ነው፣ ልጅቱ ከዚሁ ከምንቀዳው ውኃ አልቅት ውጣ ነው የታመመችው፣ ልጆቻችሁን እዚህ አታጠጡ አለቻቸው። ሴቶቹ ደነገጡ፤ ከዚያ ያጽናኗት ጀመር። ማን ያውቃል፣ አንቺ ምን ታደርጊ፣ ሁላችንም እንዲያው ነው ያሰብነው አሏት። መጽናናቱ ባሰባት። ቢወቅሷት ይሻላት ነበር። ወደ ቢሆነኝ አክስትም ቤት በራሷ እግር ሄዳ ነገረቻት። አክስትየዋ ሰምታ ስትጨርስ፣ እንዳልኋችሁ ነው የሚል ቃል አልወጣትም፤ እህል አቀረበችላትና ብዪ አለቻት። አሰለች ያን እህል በግድ ዋጠችው።

ቢሆነኝ ለፋሲካ ተመለሰ። አልጮኸባትም። ብዙ ቀን ግን ከአፉ አዎና አይደለም ብቻ ነበር የሚወጣው። ክረምቱ እንደዚያ አለፈ። ቦኖው ተጠገነ። በየአስራ አምስት ቀኑ ሙጃ ሲደውል አሰለች አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ስልኩን ስጠኝ ግን አትለውም። አንድ ጊዜ ራሷ ሰብሌ፣ እታለም የለችም ወይ ብላ ጠየቀችው። እንዲህ ብላለች ብሎ ሲነግራት አሰለች ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች።

መስከረም ላይ ባንቺዓለም ልጅቱን ይዛ ሳይታሰብ መጣች። ሰብሌ ቁመቷ ጨምሯል፤ በወለቀው የወተት ጥርሷ ቦታ አዲስ በቅሏል፤ ድምፅዋም ጠርቷል። ባንቺዓለም ከደጃፉ ሳታልፍ ነገሩን ተናገረች። ልጅቱ አንቺን ናፍቃ ነው አልልሽም አለቻት። እዚያ ትምህርት ቤቱ ከቤታችን ሩቅ ነው፣ ወንዝም አለበት፣ የእናንተ ቅርብ ነው። አንድ ጣትሽ ካረፈባት ግን በሕግ ነው የምመጣው። አሰለች ይገባል አለቻት። ባንቺዓለም ግቢ ስትባልም አልገባችም፤ መኪናው ሳያመልጠኝ ብላ ሄደች።

አሁን ሰብሌ ሁለተኛ ክፍል ናት። አሰለች ጣቷን አሳርፋባት አታውቅም። መንደሩ የሰብሌን ነገር ከረሳው ቆይቷል፤ እንዲያውም አንዳንዱ አሰለችን፣ እንደ ወላጅ እናት ሆና አሳደገቻት እያለ ያመሰግናታል። እንዲህ ሲሏት ነገር ትቀይራለች። ያስተዋለ ሰው ካለ አንድ ልማድ አላት፤ ለልጅቱ እህል አቅርባ እንደጨረሰች ከቤት ትወጣለች። ስንት ጉርሻ እንደዋጠች፣ ምን እንደተወች አጠገቧ ቆማ ማየት አትችልም፤ ዓይኗ መቁጠር እንዳይጀምር ትፈራለች። ወጥታ እንጨት ታስተካክላለች፣ ዶሮዎቹን ታያለች፣ የተሰጣ ልብስ ትሰበስባለች።

ባለፈው ሰሞንም እንዲሁ ሽሮ በእንጀራ አቅርባላት ወጥታ፣ አጥሩ ሥር የወደቀ እሾህ ስትሰበስብ ሰብሌ ከውስጥ ጠራቻት። አሰለች ወዬ ብላ ቀና አለች። ልጅቱ ወጡ አልቆብኛል አለቻት። ገብታ ጨመረችላት፤ ልጅቱን ቀና ብላ ሳታይ ድስቱን ከድና ተመልሳ ወጣች።